«ቤት» በፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ፦ የካርድ ሥራዬ ማስታወሻ

ኅዳር 3

ሥራው ዛሬ ተጀመረ። የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ፣ ፍቅር እስከ መቃብርን፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እያነበብኩ፣ «ቤት» የሚለው ቃል በመጣ ቁጥር አንድ ካርድ እጽፋለሁ። ካርዶቹን ከጫማ ካርቶን ቆርጫቸዋለሁ። በግራ ጥግ ምዕራፉ፣ በቀኝ ጥግ ገጹ፣ መካከል ላይ ቃሉ የገባበት ዓረፍተ ነገር፣ ከሥር ደግሞ በእርሳስ ትርጉሙ። ሌላውን በቢክ ብጽፍም ትርጉሙን በእርሳስ ያደረግሁት ነገ ሐሳቤ ሊለወጥ ስለሚችል ነው።

ለዚህ ያነሣሣኝ ቨርጂኒያ ያደገው የወንድሜ ልጅ ነው። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት መጥቶ መጽሐፉን አብረን ስናነብ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ በዛብህ ቅኔ ቤት ገባ የሚለው ላይ ስንደርስ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ቅኔ የሚባል ሰው ቤት ነው?» አለኝ። ልስቅ አልኩና ተውኩት። ልጁ ትክክል ጠይቋል። «የአየለ ቤት» የአየለ መኖሪያ ከሆነ፣ «ቅኔ ቤት» ለምን የቅኔ መኖሪያ አይሆንም? መልሱን ለመስጠት አፌን ከፈትኩ፤ ግን ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ መሄድ አልቻልኩም። ሠላሳ ዓመት የማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ያገለገልኩ ሰው፣ በቀን መቶ ጊዜ የምጽፈውን ቃል ማስረዳት ሲያቅተኝ ከነከነኝ። ይኸው፣ «ማተሚያ ቤት» ብዬ አሁንም ጻፍኩት።

ኅዳር 9

አብራኝ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ታውቃለች። በእጄ ስፈትሽ አንዱም እንዳያመልጠኝ ብላ ሁለት ምዕራፍ ገጽ በገጽ አንሥታ በፊደል መለያ ፕሮግራም አሳለፈችልኝ። ያንን ጽሑፍ ከፍታ «ቤት» ብላ ፈለገች። የመጣው ከጠበቅነው እጅግ ያነሰ ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብን። አንደኛው ጣጣ የራሱ የፊደላችን ነው። በላቲን ፊደል ቢሆን ኖሮ የቃሉ ግንድ ሳይነካ ቅጥያው ከኋላ ይለጠፍ ነበር። በእኛ ፊደል ግን «ቤቱ» ሲባል «ት» ጠፍታ «ቱ» ትሆናለች፤ «ቤቴ» ላይ «ቴ»፣ «ቤታቸው» ላይ «ታ»፣ «ቤቶች» ላይ «ቶ»፣ «ቤቷ» ላይ «ቷ»፣ «ቤተ ክርስቲያን» ላይ «ተ»። «ቤት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ባለቤት የሌለውን ቤት ብቻ ነው የሚያገኘው። የማንም ቤት ሲሆን ቃሉ መልኩን ይለውጣል።

ሁለተኛው የኅትመቱ ነው። «ቤ» ቀለበቷ ሲደፈን «ቢ» ትመስላለች። ፕሮግራሙ በየቦታው «ቢት» እያለ ጽፏል።

ስለዚህ «ቤ»ን ብቻ እንፈልግ አልኳት። አሁን ደግሞ ጎርፍ መጣ። «ልቤ» መጣ፣ «ሐሳቤ» መጣ። እነሱን በቀላሉ ለየናቸው፤ «ቤ» መጨረሻቸው ላይ ስለሆነ የ«ተ» ዘር ሁሉ ከተከተላት ብቻ አሳይ ብላ አዘዘችው። ከዚያ በኋላ የቀሩት እንግዶች ሦስት ናቸው፦ «አቤት»፣ «አቤቱ»፣ «አቤቱታ»። ሎሌ ሲጠራ፣ ሰው ሲጸልይ፣ ገበሬ በደሉን ሲያሰማ። የፊታውራሪ ግቢ ያለበት ልብ ወለድ ስለሆነ «አቤት» እንደማይጠፋ መገመት ነበረብኝ። በትርጉም ከቤት ጋር የሚያዛምዳቸው ነገር ስለሌለ ወረቀታቸውን ጠቅልዬ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩ።

ከዚህ በኋላ ኮምፒውተሩ ለማመሳከሪያ ይሁን፤ ዋናው ሥራ በዓይንና በእርሳስ ይቀጥላል ብለን ተስማማን።

ኅዳር 17

ስሕተት። እኔ የማነበው ቅጂና የእህቴ ልጅ ያነሣችው ቅጂ የተለያዩ ዕትሞች ናቸው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ደጋግሞ ታትሟል፤ የገጽ ቁጥሩም ከዕትም ዕትም ይለያያል። በቀኝ ጥግ የጻፍኩት ሁሉ ለሌላ ሰው የማይረባ ሆነ። ከ60 የሚበልጡ ካርዶችን አውጥቼ ገጹን በምዕራፍና በአንቀጽ ቁጥር ተካሁ። ወገቤን አመመኝ፤ ሥራው ግን ተስተካክሏል።

ኅዳር 26

ዛሬ ካርዶቹን መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፌ መደብኳቸው። መጀመሪያ የለየኋቸው በመልካቸው ነው። «ቤት» ከሌላ ቃል ጋር ሲጣመር ሁለት ዓይነት አቀማመጥ አለው። በአንደኛው ከፊት ይቆማል፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ሰብ። ይህ የግዕዝ ሥርዓት ነው። በሌላው ከኋላ ይመጣል፤ ማድ ቤት፣ ወህኒ ቤት፣ ቅኔ ቤት። ይህ የአማርኛ ነው። ከፊት የቆመበት ጎራ በሙሉ የክብር ልብስ የለበሰ ይመስላል፤ ከኋላ የመጣበት ግን ጢስም እንጨትም አለበት። ዛሬም አዲስ ነገር ስንሰይም ይኸው ነው፤ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ እንላለን፤ ልብስ ስፌት ቤቱንና ሻይ ቤቱን ግን በአማርኛው ሥርዓት እንተዋለን።

ይህ አከፋፈል ቆንጆ ነው፤ ስለ ታሪኩ ግን ብዙ አይነግረኝም። በትርጉም ልመድብ ስል ደግሞ ተቸገርኩ። «ወደ ቤት ሄደ» ሲባል ወደ ግድግዳው ነው ወደ ሰዎቹ? «ቤቱ ፈረሰ» ሲባል ጣራው ነው ትዳሩ? መኖሪያ፣ ቤተ ሰብ፣ ትዳር፣ ዘር እያልኩ አራት ክምር ሠራሁ፤ ግማሹ ካርድ በሁለት ክምር መካከል ወደቀ።

ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ስሠራ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ከትርጉሙ ይልቅ ተቃራኒውን ልጻፍ። እያንዳንዱ ካርድ ላይ «ይህ ቤት ቤት ያልሆነው ምን ሲሆን ነው?» ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። እጄ በአንድ ጊዜ ፈጠነ። የመሸበት መንገደኛ የሚፈልገው ቤት ተቃራኒው ሜዳ ነው። ባለጉዳይ የሚመለከተው የመኳንንት ቤት ተቃራኒው ደጅ ነው፤ ደጅ ጠናሁ ይል የለ! የዘመድ ቤት ተቃራኒው ባዕድ ነው። ትዳር የሆነው ቤት ተቃራኒው ብቸኝነት ወይም ምንኩስና ነው።

ይኸው ዘዴ ካሣ ዳምጤን፣ አገሩ ጉዱ ካሣ የሚለውን፣ በሌላ ዓይን አሳየኝ። ለባላባቱ ለፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ነውና የቤት ሰው ነው። ንግግሩ ግን እንደ እብድ ንግግር ይቆጠራል። ተቃራኒውን «ባይተዋር» ብዬ ጻፍኩ። በገዛ ዘመዱ ቤት ባይተዋር የሆነ ሰው፤ ቤቱን በደንብ የሚያየውም እሱ ነው።

ታኅሣሥ 4

«ባለቤት» የሚለው ቃል አንድ ሙሉ ቀን ወሰደብኝ።

ቃሉ ቢያንስ ሦስት ሥራ ይሠራል። ንብረቱ የእሱ የሆነው ሰው ባለቤት ነው። ባልም ሚስትም ባለቤት ናቸው፤ ጨዋ ሰው «ሚስቴ» ከማለት «ባለቤቴ» ማለት ይመርጣል። ትምህርት ቤት ደግሞ የዓረፍተ ነገር ባለቤት እያልን ተምረናል። በአብዛኛው ትዳር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ ልዩነታቸውን ልብ አንለውም።

የልብ ወለዱ መነሻ ላይ ያለው ትዳር ግን ሁለቱን ይነጣጥላቸዋል። የበዛብህ እናት ወይዘሮ ውድነሽ በጣሙ ሀብት አላት፤ አባቱ ቦጋለ መብራቱ ድሃ ነው። ሲጋቡ እሱ ባለቤትዋ ይሆናል፤ የቤቱ ባለቤት ግን እሷ ናት። አንዱን ካርድ ይዤ «ባል» ብዬ ጻፍኩ፣ በላጲስ አጠፋሁ፣ «ንብረት ያለው» ብዬ ጻፍኩ፣ እንደገና አጠፋሁ። ካርቶኑ እስኪሳሳ ድረስ ፋቅሁት። በመጨረሻ ሁለቱንም ጻፍኩና በመካከላቸው ቀጭን መስመር አሰመርኩ። ደራሲው ታሪኩን ከሁለቱ ፍቅረኞች፣ ከበዛብህና ከፊታውራሪ ልጅ ከሰብለ ወንጌል፣ ሳይሆን ከእነዚህ ሁለት የዕድሜ ባለጠጎች ለምን እንደጀመረ ሁልጊዜ እጠይቅ ነበር። አሁን የሚታየኝ ይህ ነው፦ ሀብትና ድህነት፣ ሴትና ወንድ፣ በአንድ ጣራ ሥር ተቃቅፈው መኖር እንደሚችሉ መጀመሪያ አሳይቶናል። በኋላ የፊታውራሪ ቤት አይሆንም የሚለውን፣ በበዛብህ የትውልድ ቦታ በማንኩሳ አንድ ቤት ቀደም ብሎ ሆኖ አሳይቶታል።

ታኅሣሥ 12

ለቅኔ ቤቱ ካርዶች የሚያስረዳኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። እዚህ ደብረ ማርቆስ አንድ የቅኔ መምህር አውቃለሁ። ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። ተማሪዎቹ በየዛፉ ሥር ተበታትነው፣ አንዳንዱ ደበሎውን ተከናንቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቅኔ ይቆጥራል። መምህሩ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል።

«የኔታ፣ እርስዎ ‹ቅኔ ቤት› ሲሉ የትኛውን ቤት ማለትዎ ነው?» አልኳቸው።

ዙሪያውን ተመለከቱ። «እዚህ ቤት ታያለህ እንዴ ልጄ? ዛፍ ነው። ነገ እኔ ወደ ሌላ ደብር ብሄድ እነዚህ ተከትለውኝ ይሄዳሉ፤ ቅኔ ቤቱም ይሄዳል። ዛፉ እዚሁ ይቀራል።»

ቀጥለው የቆጠሩልኝን እንደ ሰማሁት ጻፍኩ። ቅኔ ቤት መምህሩና ወንበሩ ነው። ደግሞ የቅኔው መንገድ ራሱ ቤት ይባላል፤ የዋሸራ ቤት፣ የጎንጅ ቤት፣ የዋድላ ቤት። አንድ ተማሪ ከዋሸራ ወጥቶ ጎንጅ ቤት ቢገባ ሌላ ስልት ይማራል። ደግሞ በቅኔው ውስጥ እያንዳንዱ መስመር ቤት ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት። ጀማሪው ባለ ሁለት ቤት ሠርቶ ይነሣል፤ እያደገ ሲሄድ ቤቱ ይበዛለታል። ደግሞ የመስመሩ መጨረሻ ድምፅ ሲገጥም «ቤት መታ» ይባላል። በግሱም ቢሆን፣ ግሥ ሁሉ ወደ ቤቱ ይመደባል፤ የቀተለ ቤት፣ የቀደሰ ቤት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ፈገግ ብለው፣ «በ» የምትባለዋን ፊደል በግዕዝ ስሟ ማን እንደምትባል ጠየቁኝ። አውቀው ነበር፤ ግን አስቤው አላውቅም። ስሟ «ቤት» ነው። አልፍ፣ ቤት፣ ገምል፣ ድንት።

ወደ ቤቴ ስመለስ የበዛብህን ስም አየሁት። በ«በ» ይጀምራል። ደራሲው አስቦት ነው አልልም፤ ግን ለቀኑ ደስታ ሆኖኛል።

ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በልጅነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል፤ ልብ ወለዳቸውም በአብዛኛው እዚያው ነው የሚውለው። እነዚህን የቤት ትርጉሞች ሁሉ በዛፍ ሥር በጆሯቸው የሰሙ ሰው ናቸው። ስለዚህ የቅኔ ቤቱን ካርዶች በአንድ «ትምህርት ቤት» በሚል ቃል ማጠቃለል በደል ነው። አራት ንዑስ ክምር አደረግኋቸው።

ታኅሣሥ 13

ለወንድሜ ልጅ ደወልኩ። «አዎ፣ የቅኔ ቤት ነው፤ ቅኔ የሚኖርበት። መምህሩ ወደ ሄዱበት ይሄዳል» አልኩት። «ታዲያ ጋሼ፣ እንደ ድንኳን ነዋ» አለኝ። ካርድ ላይ ጻፍኩት።

ታኅሣሥ 23

ይህን ከሥራው ሁሉ ይበልጥ በጥንቃቄ መጻፍ አለብኝ።

የበዛብህን ካርዶች ለብቻ አውጥቼ በታሪኩ ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው። የወላጆቹ ቤት፣ የትምህርቱ ቤቶች፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የፊታውራሪ ቤት። ሁሉም ውስጥ ገብቷል፤ አንዱም የእሱ አይደለም። ተቃራኒውን ልጽፍ ስል ትዳር የሚለው ላይ ቆምኩ። ለሌላው ሰው የትዳር ቤት ተቃራኒው ብቸኝነት ነው፤ በልጅነቱ ለተሳለለት ለዚህ ልጅ ግን ተቃራኒው ቤተ ክርስቲያን ነው ብዬ ጻፍኩ። የቤት ተቃራኒው ቤት የሆነበት ብቸኛ ካርድ! እንቅልፍ ሳይወስደኝ አደርኩ፤ ግኝት መሰለኝ።

ጠዋት ለየኔታ ይዤላቸው ሄድኩ። ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቄሱ ሚስት የለውምን? ደብተራውስ ትዳር የለውምን? ቤተ ክርስቲያን ቤት አትከለክልም ልጄ። እሷን አትክሰሳት። ልጁን የያዘው ስለቱ ነው። ስለቱን ማን ተሳለ?»

«አባቱና እናቱ።»

«እንግዲያውስ።»

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ተመልሼ ካርዱን ፋቅሁት። ውድነሽና ቦጋለ ልጃቸው በጠና ሲታመምባቸው ነው በድንግልና እንዲያገለግል የሰጡት። በሕይወት እንዲቆይላቸው ብለው ነው። በስተርጅና ያገኙት ልጅ እንዳይሞት ለመኑ፤ ልጁ ኖረ፤ ግን ሚስት ስለማያገባ ልጅም አይወልድም፤ የእነሱም ቤት በእሱ ያበቃል። ስለዚህ የበዛብህ የትዳር ቤት ተቃራኒው የወላጆቹ ቤት ነው። እዚያው ማንኩሳ፣ ሁሉን ያቀፈ ያልኩት፣ ባለጠጋዋና ድሃው የተስማሙበት ቤት። በታኅሣሥ 4 ማስታወሻዬ ላይ ያንን ቤት ያለ ልክ አሞግሼው ነበር። አላጠፋውም፤ ግን ከጎኑ ይህ ቀን እንዲነበብ ምልክት አድርጌያለሁ። በፍቅር የተሠራ ቤት ነበር፤ በፍቅርም የልጁን ደጅ ዘጋ።

ልጁን የወደዱበት ጽናት ነው የሚያሳዝነኝ። የትኛውም ወላጅ ያንን ሌሊት ቢያድር የሚሳለው ስለት ነው።

ጥር 6

የፊታውራሪ መሸሻ ክፍል። እዚህ ሌላ ችግር ገጠመኝ። ሰብለ ወንጌል የትልቅ ቤት ልጅ ናት። አባትዋ የሚመጣውን ሁሉ ከእሷ ዝቅ ያለ ነው እያለ ሲመልስ ዕድሜዋ ይነጉዳል። ፊታውራሪ የሚጠብቀው ቤት ግድግዳ ያለውን ሳይሆን የዘሩን ሐረግ ነው። ይህ ትርጉም ግን «ቤት» የሚለው ቃል ሳይጠራም ይገኛል። ዘር ሲባል፣ ደም ሲባል፣ አጥንት ሲቆጠር ያው ቤት ነው የሚቆጠረው።

ሕጌ ቃሉ ለሌለበት ካርድ አይጻፍም የሚል ነው። ከእህቴ ልጅ ጋር ተከራከርን። «ጋሼ፣ ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት፤ አሁን ራስዎ ሊያፈርሱት?» አለች። ልክ ናት። ካርድ አልጻፍኩም፤ ግን በቢጫ ወረቀት ቁራጮች ቦታቸውን አመለከትኩ። ቢጫዎቹ ከትዳር ክምር ጎን ሲቀመጡ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ አባት የዘሩን ቤት ሲጠብቅ ልጁ ቤት ሳትሠራ ትቀራለች። ፊታውራሪም የቦጋለና የውድነሽ ዕጣ ደርሶታል፤ ሊያቆየው የፈለገው ቤት በእጁ ይዘጋል።

ቤተ እስራኤል ስንልም፣ የያዕቆብ ቤት ስንልም ይኸው የዘር ትርጉም ነው። ሕዝብ ሙሉ በአንድ ጣራ ሥር የሚጠራበት።

በካርድ ሳጥኔ ውስጥ የ«በቤቱ» ክፍል ለጊዜው ባዶ ነው። ማለቴ «በቤቱ ብልጥ ነው» እንደምንለው፣ ሰው ለራሱ በሚመስለው ልክ ሲኖር። ክፍሉን አላነሣም፤ ቀሪ ምዕራፎች አሉኝ።

ጥር 20

የመጨረሻው ምዕራፍ አለቀ። ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ የአዲስ አበባን መንገድ ከጀመረች ወዲህ ካርዱ እየሳሳ መጥቶ ነበር። የመነኵሴ ልብስ ለብሳ ከቤት ከወጣች በኋላ «ቤት» የምጽፍበት ምክንያት አነሰ። መንገድ፣ በረሃ፣ ሽፍታ። በዛብህን ስታገኘው ሊሞት ነው። ከዚያ መቃብሩ ይቀራል፤ እሷም ትመነኵሳለች፤ ካሣም ከእሷ ዘንድ ይመጣል፤ ኋላም ሦስቱም አንድ ላይ ይቀበራሉ።

መቃብር ቤት ነው? በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ መቃብር ቤት የሚባል አለ፤ ከላይ ጣራ ያለው፣ ችግረኛና መናኝ የሚጠለልበት። ስለዚህ ቃሉን ማንም አይከለክለኝም። ለብዙ ሰዓት ካሰብኩ በኋላ ካርድ አልሠራሁለትም፤ ሕጌ ቃሉ ከሌለ ካርድ የለም ይላልና። ቢጫ ቁራጭ ግን አስቀመጥኩ፤ ከትዳሩ ክምር ላይ። በዛብህና ሰብለ አንድ ጣራ ሥር የሚያድሩት እዚያ ብቻ ነው።

ሳጥኑን ልዘጋ ስል «አቤት» ትዝ አለኝ። ኅዳር 9 ቅርጫት ውስጥ የጣልኩት ክምር። በትርጉም ዝምድና የለውም ብዬ ነበር፤ አሁንም የለውም እላለሁ። ግን በተቃራኒ ስመድብ ከርሜ አንድ ነገር ጎድሎብኛል። የመኳንንት ቤት ተቃራኒው ደጅ ነው ብያለሁ፤ በውስጡ ሆኖ ቤቱ የእሱ ያልሆነው ሎሌስ? የእሱ ድምፅ ነው «አቤት»። ደጅ የቆመው ገበሬ ደግሞ «አቤቱታ»። ሲመረውም ከገበሬዎቹ አመፅ መሪ ከአበጀ በለው ጋር ይነሣል።

የእህቴ ልጅን ጠራኋት። ቅርጫቱን ከጣለችው ቆይታለች፤ ነገር ግን የፍለጋውን ውጤት ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጣዋለች። ነገ አብረን እናትመዋለን። ለአዲሱ ክምር የሚሆን የጫማ ካርቶን ከጎረቤት ለምኛለሁ፤ ዛሬ ማታ እቆርጠዋለሁ።